ፖሎኔዝ በፒያኖ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ፒያኖ የሚማሩ ሰዎች፣ ወይም ዝም ብለው ማዳመጥ የሚወዱ፣ ስለ ፖሎኔዝ ደጋግመው የሚጠይቁኝን እዚህ ሰብስቤያለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ምርጫዎቹ ደግሞ የኔ ናቸው፤ ባትስማሙ አልቀየምም።

ፖሎኔዝ ምንድን ነው?

የፖላንድ ጭፈራ ነው። ጭፈራ ስላልኩ ግን ዝላይና ሩጫ እንዳይታያችሁ። ሰዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ ተሰልፈው አዳራሹን ይዞሩታል። በየሦስቱ እርምጃ ጉልበት ትንሽ ለዘብ ይላል፤ በቃ። ፖላንዶች ከድሮ ስሞቹ አንዱን «ሆድዞኒ» ይሉታል። «የሚኬድ» እንደማለት ነው። «ፖሎኔዝ» የሚለው ስም የመጣው ከፈረንሳይኛ ነው፤ «ፖላንዳዊት» ማለት ነው።

ድሮ የመኳንንት ግብዣ የሚከፈተው በዚህ ነበር። ባለቤቱ ከክብር እንግዳዋ ጋር ከፊት ይወጣል፣ ሌላው ይከተላል። ዛሬም አልቀረም። የፖላንድ ተማሪዎች የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና 100 ቀን ገደማ ሲቀረው «ስቱድኒዩፍካ» የሚሉት ድግስ አላቸው። ድግሱ በፖሎኔዝ ነው የሚጀመረው። ሌላ ቀን ስኒከር የማያወልቁ ልጆች ሱፍ ለብሰው፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው፣ እግራቸውን እየቆጠሩ ሲሄዱ ማየት ደስ ይላል። ዩኔስኮም ጭፈራውን በ2023 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ አስፍሮታል።

አንድ ነገር ያዙልኝ፦ ፖሎኔዝ የእግር ጉዞ ነው። ከዚህ በታች የምለው አብዛኛው ነገር ወደዚሁ ይመለሳል።

ስሰማው በምን አውቀዋለሁ?

በሪትሙ። ጠረጴዛውን በጣታችሁ ምቱት፦ ታ-ተካ፣ ታ-ታ፣ ታ-ታ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። «ተካ» የምትለዋ ፈጠን ያለች ናት፤ የመጀመሪያው ምት ውስጥ ተሸጉጣ ትገባለች። እሷን ካወጣችኋት ፖሎኔዙ ይጠፋል።

የኛ ጆሮ እዚህ ጋ ትንሽ ይሸወዳል። ጭክጭካ ውስጥም ስድስት ቆጠራ አለ፤ ፖሎኔዝ ውስጥም ስድስት አለ። ልዩነቱ አከፋፈሉ ላይ ነው። ጭክጭካ ስድስቱን ሦስት-ሦስት አድርጎ ለሁለት ይከፍላል። ፖሎኔዝ ደግሞ ሁለት-ሁለት አድርጎ ለሦስት። አዲስ ተማሪ ሳይታወቀው ፖሎኔዙን ወደ ጭክጭካ ሲጎትተው ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ትከሻው ቀድሞ ይነግራችኋል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ከወንበር ተነሡና ክፍሉ ውስጥ እየቆጠራችሁ ተራመዱ። በአንድ ባር፣ ማለትም በአንድ ዙር «አንድ-ሁለት-ሦስት»፣ ሦስት እርምጃ። እግር ከያዘው እጅ አይስተውም።

ሌላም ምልክት አለ። ፖሎኔዝ ሐረጉን ሲጨርስ ብዙ ጊዜ የሚያርፈው በ«አንድ» ላይ አይደለም፤ በ«ሁለት» ወይም በ«ሦስት» ላይ ነው። እጅ ነሥቶ ቀና እንደሚል ሰው።

ከማዙርካ በምን ይለያል?

ሁለቱም የፖላንድ ናቸው፣ ሁለቱም በሦስት ይቆጠራሉ። ማዙርካ ግን የገጠር ጭፈራ ነው፤ ክብደቱን አንዴ ሁለተኛው ምት ላይ፣ አንዴ ሦስተኛው ላይ ይጥላል፣ ይሽከረከራል፣ ተረከዝ ይመታል። ፖሎኔዝ ካባ ደርቦ ነው የሚመጣው።

ፖሎኔዝ የሾፓን ብቻ ነው?

ብዙ ሰው እንደዚያ ያስባል። ፖላንዳዊው የፒያኖ ሙዚቃ ደራሲ ሾፓን ሳይወለድ ግን ፖሎኔዝ አውሮፓን አዳርሷል። ባኽ በስድስተኛው የፈረንሳይ ስዊት (የጭፈራ ቁራጮች ስብስብ) ውስጥ አንድ አስገብቷል። ሚስቱ አና ማግዳሌና በ1725 የጀመረችው የኖታ ደብተር ውስጥም አሉ፤ ብዙ ልጅ ከፖሎኔዝ ጋር የሚተዋወቀው በነሱ ነው። የባኽ ትልቁ ልጅ ቪልሄልም ፍሪደማን 12 ፖሎኔዞች ጽፏል። እነዚህን ፈልጉና ስሙ፤ አንዳንዶቹ ጭፈራ መሆናቸውን የረሱ፣ ብቻውን የሚያወራ ሰው የሚመስሉ ናቸው። ሞዛርትም በ1775 በጻፈው የዲ ሜጀር ሶናታ (በሥራዎቹ ዝርዝር ኬ 284) ሁለተኛውን ክፍል በፖሎኔዝ መልክ ነው የሠራው። («ሜጀር» ደመቅ ያለ፣ «ማይነር» ጠቆር ያለ ድምፅ ያለው የሙዚቃ ቁልፍ ነው።)

ቤትሆቨን አንድ አለው፤ ኦፐስ 89 («ኦፐስ» የአንድ ደራሲ ሥራ ቁጥር ነው)። በ1814 ነገሥታቱ ሁሉ ለትልቁ ጉባኤ ቪየና ተሰብስበው በነበረ ጊዜ ጽፎ ለሩሲያዋ ንግሥት ለኤልሳቤጥ አበረከተው፤ እሷም 50 ዱካት ሰጠችው። ቁራጩ ደስ የሚል ነው፤ ከቤትሆቨን ትልልቆች ጎን ግን አላቆመውም። ገንዘቡ ያስፈልገው ነበር እንበል።

ሹበርት ለአራት እጅ፣ ማለትም ሁለት ሰው አንድ ፒያኖ ላይ ተቀምጦ የሚጫወታቸውን ጽፏል። ክላራ ቪክ፣ በኋላ ክላራ ሹማን የተባለችው፣ የመጀመሪያ ሥራዋ ብላ ያሳተመችው አራት ፖሎኔዞች ናቸው፤ በ1831፣ ገና በ11 ዓመቷ። ሊስት በ1851 ሁለት ጽፏል፤ የኢ ሜጀሩ ለታዳሚ የተሠራ ርችት ነው። የቻይኮቭስኪን የኦፔራ ፖሎኔዝም ወደ ፒያኖ ገልብጦታል። ስክሪያቢን ደግሞ ኦፐስ 21 አለው፤ የሾፓንን አዳራሽ መብራቱን አጥፍቶ የገባበት ይመስላል።

ከሾፓን በፊት ከነበሩት ሁሉ ፖላንዶች የማይረሱት ግን የሚሃው ክሌኦፋስ ኦጊንስኪን ነው። መኳንንት ነበር፣ ፖለቲከኛ ነበር፣ በሩሲያ ላይ በተነሣው በ1794ቱ የኮሽቹሽኮ አመፅ ተዋግቷል። አመፁ ሲከሽፍ ተሰደደ። የኤ ማይነር ፖሎኔዙ «ስንብት ለአገር» በሚለው ስም ነው የሚታወቀው። ኖታው ቀላል ነው፤ ዜማው ግን አይለቅም። ፖሎኔዝ ከግብዣ ወጥቶ የናፍቆት ቋንቋ መሆን የጀመረው እዚህ አካባቢ ነው። አመፁ በከሸፈ በዓመቱ፣ በ1795፣ ፖላንድ በሦስት ጎረቤቶቿ ተከፋፍላ ከካርታ ጠፋች። ለ123 ዓመት አልተመለሰችም።

ሾፓን ስንት ፖሎኔዝ ጻፈ?

ለብቻ ፒያኖ ከጻፋቸው ውስጥ አድጎ፣ ፓሪስ ሆኖ፣ ራሱ ያሳተማቸው ሰባት ናቸው። ኦፐስ 26 ላይ ሁለት፣ ኦፐስ 40 ላይ ሁለት፣ ከዚያ ኦፐስ 44፣ ኦፐስ 53 እና ኦፐስ 61። «የሾፓን ፖሎኔዞች» የሚል አልበም ስታዩ ቢያንስ እነዚህ ይኖራሉ። ኦፐስ 22 ለፒያኖና ለኦርኬስትራ ነው፤ ያለ ኦርኬስትራም ብዙ ይጫወቱታል። ከሞተ በኋላ የታተሙም አሉ፤ በልጅነቱ የጻፋቸው።

የመጀመሪያው ደግሞ በ1817 ዋርሶ ውስጥ ታተመ። ልጁ ሰባት ዓመቱ ነበር። ጂ ማይነር ነው፣ ሁለት ገጽ ቢሆን ነው። ሰባት ዓመት ሲሆነን ምን እንሠራ እንደነበር አለማሰቡ ይሻላል።

በኅዳር 1830 ከዋርሶ ወጣ፤ 20 ዓመቱ ነበር። በዚያው ወር መጨረሻ በሩሲያ ላይ አመፅ ፈነዳ፤ በቀጣዩ ዓመት ተደመሰሰ። ሾፓን በ1849 ፓሪስ ውስጥ እስኪሞት አገሩን ዳግም አላየም። ከዚህ በኋላ የጻፋቸው ፖሎኔዞች ከልጅነቶቹ ጋር ስም ብቻ ነው የሚጋሩት። በልጅነቶቹ ውስጥ ሰዎች ይጨፍራሉ። በኋለኞቹ ውስጥ አዳራሹ ባዶ ነው፤ አንድ ሰው ብቻውን ቆሞ ማን የት ቆሞ እንደነበር ያስታውሳል።

«ሚሊታሪ»፣ «ሄሮይክ» የሚሉትን ስሞች ያወጣው ማነው?

ሾፓን አይደለም። እሱ እንዲህ ዓይነት ስም አይወድም ነበር። ሰው ነው የለጠፈባቸው፣ እዚያው ቀሩ። «ሚሊታሪ» (ወታደራዊ) የሚሉት ኦፐስ 40 ቁጥር 1ን፣ «ሄሮይክ» (የጀግና) የሚሉት ኦፐስ 53ን ነው።

ከኦፐስ 40 ሁለቱ የትኛው ይሻላል?

የመጀመሪያው፣ የኤ ሜጀሩ፣ «ሚሊታሪ» የሚባለው ነው። ሁሉም ያውቀዋል። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ድምፁን ዝቅ አያደርግም ማለት ይቻላል። መለከት፣ ከበሮ፣ ሰልፍ። በመስከረም 1939 ዋርሶ በጀርመን ስትደበደብ የፖላንድ ሬዲዮ ያሰማው የነበረ ሙዚቃ ነው፤ ያንን ካወቁ በኋላ እንደ ድሮው መስማት ይከብዳል።

ሁለተኛው ሲ ማይነር ነው። ዜማው በግራ እጅ፣ በከባድ ኦክታቭ (አንድ ኖታ ከስምንተኛው ጋር አብሮ ሲመታ)፣ ከታች ይሄዳል። ቀኝ እጅ ከላይ ኮርድ (አብረው የሚመቱ ኖታዎች) እየደጋገመ ያጅባል። ሩሲያዊው ፒያኒስት አንቶን ሩቢንሽታይን የመጀመሪያው የፖላንድን ክብር፣ ሁለተኛው ውድቀቷን ያሳያል ብሏል ይባላል። ሁለቱን በተከታታይ ስሟቸው። አንዱን ብቻ መስማት የሰርጉን ቪዲዮ አይቶ ለቅሶው ቤት እንደመቅረት ነው። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

ከሁሉም የትኛውን ይመርጣሉ?

ይሄን ጥያቄ ስጠየቅ ሰዎች ኦፐስ 53 እንድል ይጠብቃሉ። አልልም። ኦፐስ 44 ነው፤ ኤፍ ሻርፕ ማይነር፣ በ1841 የታተመው።

አጀማመሩ ደስ አይልም። ሁለት እጆች አንድ ዓይነት ነገር፣ ከታች፣ እንደ ማጉረምረም ይላሉ። ከዚያ ዋናው ሐሳብ ይፈነዳል። ቁጣ ነው። ሾፓን ሳሎን ውስጥ የሚያስል ለስላሳ ሰው ነው ብሎ ለሚያስብ ሁሉ ይሄን አስደምጡልኝ።

መሐል ላይ የሚመጣው ነው እንግዲህ ጉዱ። ዜማው ይቆማል። ሁለቱ እጆች አንድ አጭር የከበሮ ምት መምታት ይጀምራሉ። ይደጋግሙታል። እንደገና። አሁንም። መጀመሪያ ሲሰሙት «ይሄ ሰውዬ ምን ነካው?» ያሰኛል። የምትጠብቁት ዜማ አይመጣም፤ ከበሮው ብቻ። እኔ ሁልጊዜ በር ላይ የቆመ ወታደር ይታየኛል፤ ሾፓን ግን እንደዚያ አላለም።

ከዚያ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ማዙርካ ይገባል። ኤ ሜጀር፣ ለስላሳ፣ የገጠር ጭፈራ። ፖሎኔዝ መሐል ማዙርካ! ከዚያ በፊት በዚህ መልኩ ያደረገው የለም። ከሩቅ የሚሰማ ድግስ ይመስላል፤ ማዶ ካለ መንደር ነፋስ የሚያመጣው ዓይነት። ለጥቂት ደቂቃ ሁሉም ነገር ደህና ነው። ከዚያ ያ ማጉረምረም ይመለሳል፣ ማዙርካውም ይጠፋል።

መጨረሻው ላይ እየደከመ፣ እየደከመ ይሄዳል። አለቀ ብላችሁ ስትተነፍሱ አንድ ኤፍ ሻርፕ በሙሉ ኃይል ይመታል። አንድ ብቻ። ኮንሰርት ላይ ጎኔ የተቀመጠች ሴትዮ ከወንበሯ ስትዘል አይቻለሁ።

አሥር ደቂቃ ከምናምን ነው። በመኪና ሬዲዮ አትስሙት።

ከሱ ቀጥሎ ያለው ምርጫዬ ኦፐስ 26 ቁጥር 2 ነው፤ ኢ ፍላት ማይነር። በሹክሹክታ ይጀምራል፣ በሹክሹክታ ያልቃል። መሐሉን እናንተው ስሙት።

ኦፐስ 53 ምን ያህል ይከብዳል?

ይከብዳል። ግን ሰው በሚያስብበት ቦታ አይደለም።

መጀመሪያ መግቢያው ያስፈራል፤ 16 ባር ከሄደ በኋላ ነው ሁሉም የሚያውቀው ዜማ የሚመጣው። ኮርዶቹ ትልልቅ ናቸው፣ ዝላዩ ብዙ ነው። ይሄ ግን ይጠናል። ሰው የሚወድቀው መሐሉ ላይ ነው። ቁልፉ ወደ ኢ ሜጀር ይቀየርና የግራ እጅ አራት ኖታዎችን በኦክታቭ እየወረደ ይደጋግማል፦ ኢ፣ ዲ ሻርፕ፣ ሲ ሻርፕ፣ ቢ። በአንድ ባር ሦስት ጊዜ፤ ማለትም 12 ኦክታቭ። ከዚያ ቀጣዩ ባር። ከዚያ ቀጣዩ። በለሆሳስ ይጀምራል፣ ቀስ በቀስ ያድጋል፣ ቀኝ እጅ ከላይ መለከት ይነፋል። ጨረስኩ ስትሉ ግማሽ ድምፅ ዝቅ ብሎ ይቀጥላል። ኋላም እንደ አዲስ ይነሣል።

እኔ ሳልደርስበት ነው የጀመርኩት። በሁለተኛው ሳምንት የግራ ክንዴ ድንጋይ ሆነ፤ ጀበና ማንሣት አቃተኝ። አስተማሪዬ ኖታውን ዘጋና «ክንድህን ለማን ነው የምታሳየው?» አለኝ። ከዚያ በትንሹ ጣት ብቻ፣ ያለ አውራ ጣት፣ ለአንድ ወር አስጠናኝ። አንጓ ለስለስ ብሎ መወዛወዝ አለበት፤ ክንድ መምታት የለበትም። ሲጀመር ደግሞ ከልብ ዝቅ ማለት ያስፈልጋል። ሾፓን ቀስ ብሎ እንዲጀመር ያደረገው ለውበት ብቻ አይመስለኝም፤ ጉልበት ለመቆጠብም ነው። ከሩቅ የሚመጣ ፈረሰኛ አድርጋችሁ አስቡት፤ ገና ሲታይ ግንባሩ ላይ አይደርስም። ካመማችሁ አቁሙ። ሕመምን ተቋቁሞ መጫወት ጀግንነት አይደለም፤ ሐኪም ቤት ነው የሚያደርሰው።

በምን ፍጥነት ልጫወተው?

ከምታስቡት ቀስ ብላችሁ። ይሄ የኔ አስተያየት ብቻ አይደለም። ቻርልስ ሃሌ የተባለው ፒያኒስትና የኦርኬስትራ መሪ ሾፓንን በቅርብ ያውቀው ነበር። በትዝታው እንደጻፈው ሾፓን እጁን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ ይሄን ፖሎኔዝ በፍጥነት ሲጫወቱት ሰምቶ ምን ያህል እንዳዘነ ነግሮታል። ግርማ ሞገሱን ሁሉ ገደሉት ማለቱ ነው።

ወደ እግር ጉዞው እንመለስ። ካባ ለብሶ፣ ወገቡ ላይ ጎራዴ ታጥቆ የሚሄድ ሰው አይሮጥም። በምትጫወቱበት ፍጥነት ልትራመዱበት ካልቻላችሁ ፈጥናችኋል።

ለጀማሪ የትኛው ይሆናል?

ከአና ማግዳሌና ደብተር የጂ ማይነር ፖሎኔዝ። ቀጥሎ ኦጊንስኪ። ከዚያ የሰባት ዓመቱ ሾፓን፣ ጂ ማይነር። ከትልልቆቹ መጀመሪያ የሚቀመሰው ኦፐስ 26 ቁጥር 1 ወይም ኦፐስ 40 ቁጥር 1 ነው። ኦፐስ 40 ቁጥር 1 ላይ ግን ልጆች ፒያኖውን ይደበድቡታል። ጎረቤት ካላችሁ በቀን አጥኑት።

«ፖሎኔዝ ፋንታዚ» ለምን አይገባኝም?

ኦፐስ 61 ነው፣ 1846። መጀመሪያ ማንም አልገባውም፤ ሊስት እንኳ ከብዶት ነበር። የሚጠብቁት ሪትም ይመጣል ሲባል ይሸሻል። ኮርድ፣ ከዚያ እንደ ጭስ ወደ ላይ የሚሄድ ረጅም የኖታ መስመር፣ ከዚያ ዝምታ። ሾፓን ታሞ ነበር፣ ጊዜው እያጠረ ነበር፤ ጭፈራውን እየጨፈረ ሳይሆን እያለመው ነው። 12 ወይም 13 ደቂቃ ይወስዳል። ከሌሎቹ ስድስቱ በኋላ አቆዩት። በ2025ቱ የዋርሶ የሾፓን የፒያኖ ውድድር ፍጻሜ የደረሱት ሁሉ ከኮንቼርቶ (ከኦርኬስትራ ጋር ከሚጫወቱት ሥራ) ጋር ይሄን እንዲጫወቱ ተደርጓል። ኦክታቭ በመምታት ብቻ የማይታለፍ ፈተና ነው።

የማንን ቅጂ ላዳምጥ?

አርተር ሩቢንሽታይን (ከላይ ያለው አንቶን አይደለም) ፖላንዳዊ ነው፤ ፖሎኔዞቹን ሦስት ጊዜ ቀድቷል፣ በ1930ዎቹ፣ በ1950 እና 51፣ እንዲሁም በ1964። የመጨረሻው ድምፁ ጥሩ ነው፣ አካሄዱም የጌታ ነው። የመጀመሪያው እሳት ነው፤ ኖታ ይስታል፣ ግድ አይሰጠውም። ማውሪዚዮ ፖሊኒ በ1970ዎቹ የቀዳው ብረት ነው፤ ኦፐስ 44ን እሱ ሲጫወተው ከበሮው እውነት ያስፈራል። ራፋው ብሌሃች በ2005ቱ ውድድር አንደኛ ወጥቶ የፖሎኔዝ ሽልማቱንም አብሮ ወስዷል፤ በ2013 የወጣው አልበሙ ንጹሕ ነው። አንድ ብቻ ምረጡ ካላችሁኝ ሩቢንሽታይን 1964። ለኦፐስ 44 ብቻ ፖሊኒ።

ቤቴ ያለው 61 ቁልፍ ያለው ኪቦርድ ነው። ይሆናል?

ለባኽ ደብተር ይሆናል። ለኦፐስ 53 አይሆንም። ያ የግራ እጅ ኦክታቭ ሲወርድ ኪቦርዱ ያልቅና ትንሹ ጣታችሁ ጠረጴዛውን ይመታል። ፔዳል ከሌለውም ኮርዶቹ ይቆራረጣሉ። 88 ቁልፍ ያለው እስኪገኝ ግን የቀኝ እጁን ብቻ አጥኑ፣ በግራ እጃችሁ ጭናችሁን እየመታችሁ፦ ታ-ተካ፣ ታ-ታ፣ ታ-ታ።